ማራቶን በቁልቁለት፦ ትንፋሽ ሲቀል ጭን ለምን ይከብዳል?

ከደባርቅ ተነሥቶ በዳባት፣ በአምባጊዮርጊስና በኮሶዬ በኩል ወደ ጎንደር የተጓዘ ሰው፣ መንገዱ ወደ ወለቃ ቁልቁል በሚጠማዘዝባቸው ቦታዎች የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያደርጉትን ሳያስተውል አይቀርም። መኪናው በራሱ ክብደት መፍጠን ሲጀምር ልምድ ያለው ሾፌር ዝም ብሎ አይለቀውም፤ ወደ ከባድ ማርሽ ይመልሰዋል፤ ፍሬኑንም ይቆጥባል። ገና ከአናቱ ጀምሮ ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ መኪና የፍሬን ሸራው ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ ፍሬኑ እጅግ በሚፈለግበት በታችኛው መታጠፊያ ላይ እምቢ ይላል። በቁልቁለት የሚሮጥ ማራቶንም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ የሯጩ የፍሬን ሸራ የፊት ጭኑ ጡንቻ ነው።

ጉዳዩ ሰሞኑን በሯጮች ዘንድ የሚነሣበት ምክንያት አለ። በአሜሪካ የሚካሄደው የቦስተን ማራቶን አዘጋጆች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2025 ባሳወቁት ደንብ መሠረት፣ ከ2027ቱ ውድድር ጀምሮ በጣም በሚወርድ ጎዳና ላይ የተመዘገበ የማጣሪያ ሰዓት (ሯጩ በሌላ ማራቶን አስመዝግቦ ለቦስተን የሚያመለክትበት ሰዓት) እንዳለ ተቀባይነት አያገኝም። የመነሻውና የመድረሻው ከፍታ ልዩነት ከ457 እስከ 914 ሜትር ገደማ የሆነ ጎዳና ላይ የተሮጠ ሰዓት 5 ደቂቃ ይጨመርበታል፤ ከዚያ በላይ እስከ 1829 ሜትር ድረስ 10 ደቂቃ ይጨመርበታል፤ ከዚህም የባሰ የሚወርድ ጎዳና ጭራሹን ለማጣሪያ አይሆንም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ደንብ የሰማ ሰው ቁልቁለት ለሯጭ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ስጦታ ነው ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ነገር ግን ጎዳናው ሰዓት የሚሰጠው አወራረዱን ለሚያውቅ ሯጭ ነው፤ ለማያውቀው በመጀመሪያው ሰዓት የሰጠውን በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ከነወለዱ ያስከፍለዋል።

የቁልቁለት ማራቶን የሚባለው የትኛው ነው?

ማራቶን የትም ቢሮጥ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። ጎዳናን የቁልቁለት የሚያሰኘው መነሻው ከመድረሻው ምን ያህል ከፍ እንደሚል ነው። የዓለም አትሌቲክስ የተባለው የስፖርቱ የበላይ አካል ክብረ ወሰን እንዲጸድቅ የሚፈቅደው ቁልቁለት በአንድ ኪሎ ሜትር በአማካይ ከ1 ሜትር የማይበልጥ ሲሆን፣ ይህም ለማራቶን 42 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በተጨማሪም በመነሻውና በመድረሻው መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት ከውድድሩ ርዝመት ግማሽ መብለጥ የለበትም፤ ይህ የተባለው ነፋስ ሯጩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከኋላው እየገፋ እንዳያደርሰው ነው።

ቦስተን ሁለቱንም መስፈርቶች አታሟላም፤ ጎዳናው ከመነሻው ከሆፕኪንተን እስከ ቦስተን ከተማ ድረስ 140 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ አቅጣጫውም አንድ ነው። በ2011 ኬንያዊው ጄፍሪ ሙታይ በዚያ ጎዳና 2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ02 ሰከንድ ሲገባ፣ ሰዓቱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2008 በርሊን ላይ ካስመዘገበው የዓለም ክብረ ወሰን (2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ) በ57 ሰከንድ የፈጠነ ነበር። የዕለቱ ነፋስም ከጀርባ ይነፍስ ነበር። ሰዓቱ በቦስተን መዝገብ ላይ ቀረ እንጂ የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ አልጸደቀም፤ የኃይሌ ክብረ ወሰንም በዚያ ቀን አልተነካም።

ቦስተን ግን በዚህ ረገድ ገር ናት። በአሜሪካ ዩታ ግዛት የሚካሄደው የሴንት ጆርጅ ማራቶን ከ1600 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ 780 ሜትር ያህል ይወርዳል። ለእኛ አገር አንባቢ ይህን መገመት አያስቸግርም፤ ከወገራ ደጋ ተነሥቶ ወደ ጎንደር እንደ መውረድ ያለ ነው።

ቁልቁለቱ ስንት ደቂቃ ይሰጣል?

በአሠልጣኞች ዘንድ የታወቀ ግምት አለ። መንገዱ በ100 ሜትር ውስጥ 1 ሜትር ሲወርድ፣ ማለትም የ1 በመቶ ቁልቁለት ሲሆን፣ ሯጩ በኪሎ ሜትር 5 ሰከንድ ያህል ያተርፋል። በዚያው መጠን ሲወጣ ግን የሚከስረው 8 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ስለዚህ 3 በመቶ የሆነ ዳገት አንድ ኪሎ ሜትር ወጥቶ ያንኑ ያህል የወረደ ሯጭ ሜዳ ላይ ከሚሮጠው ጋር እኩል አይደርስም፤ ሲወጣ 24 ሰከንድ ይከስራል፤ ሲወርድ 15 ብቻ ይመለስለታል። ዳገት የወሰደውን ቁልቁለት ሙሉ በሙሉ አይመልስም ማለት ነው።

አሁን 700 ሜትር የሚወርድ ማራቶን እንውሰድ። አማካይ ቁልቁለቱ 1.7 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ በኪሎ ሜትር 8 ሰከንድ ያህል ቢያተርፍ፣ በጠቅላላው 6 ደቂቃ ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው ትርፍ አለ። ትርፉ ትንሽ አይደለም። ሆኖም ይህ ቁጥር እግሩ እስከ መጨረሻው ጤነኛ ሆኖ ለቆየ ሯጭ የተሰላ የወረቀት ቁጥር ነው። ጭኑ ከ32ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ከከዳው፣ በመጨረሻዎቹ 10 ኪሎ ሜትሮች በእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ሲዘገይ 10 ደቂቃ ያጣል። 6 አትርፎ 10 መክሰር ማለት ይህ ነው፤ በቁልቁለት ማራቶን የሚደርሰው አብዛኛው ኀዘን ከዚህ ሒሳብ አይወጣም።

ታዲያ ጭን ላይ ምን ይደርሳል?

ይህን ለመረዳት ከሁሉ የሚሻለው መንገድ በገዛ አካል መሞከር ነው። አንባቢ ሆይ፣ ደረጃ ያለበት ቦታ ፈልገው መዳፍዎን ከጉልበትዎ ከፍ ብሎ ባለው የፊት ጭንዎ ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ይውረዱ። አንደኛው እግር ዝቅ ወዳለው ደረጃ ሲዘረጋ፣ ከላይ የቀረው እግር ጉልበቱ እየታጠፈ ክብደትዎን ሁሉ ይሸከማል፤ ከመዳፍዎ ሥር ያለው ጡንቻም እንደ ድንጋይ ሲጠጥር ይሰማዎታል። ልብ ይበሉ፦ ጡንቻው እየጠጠረ ነው፤ ነገር ግን እያጠረ አይደለም። ጉልበት ሲታጠፍ ጡንቻው ይረዝማል። ሊሳብ የሚፈልግ ጡንቻ በግድ እየተለጠጠ ነው።

ጡንቻ በሁለት መንገድ ይሠራል። ዳገት ሲወጣ እያጠረ ይስባል፤ ቁልቁለት ሲወርድ እየተለጠጠ ይይዛል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ከፎቅ ላይ ከባድ ጆንያ በገመድ የሚያወርድ የቀን ሠራተኛ ያውቀዋል። ጆንያውን ወደ ላይ ሲስብ ያልበዋል፤ ይተነፍሳል። ወደ ታች ሲያወርድ ግን ትንፋሹ አይቆራረጥም፤ ገመዱ በመዳፉ ውስጥ እየሾለከ ቆዳውን ይልጠዋል እንጂ። እየተለጠጠ የሚሠራ ጡንቻም እንዲሁ ነው፤ የሚጠይቀው አየር አነስተኛ ነው፤ በጡንቻው ክሮች ላይ የሚያደርሰው ጥቃቅን መሰንጠቅ ግን ከዳገቱ እጅግ የበዛ ነው።

በዚህ ላይ የመሬቱ ምት ይጨመራል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተደርጎ በ2005 የታተመ ጥናት፣ በ9 ዲግሪ ቁልቁለት የሚሮጥ ሰው እግሩ መሬት ሲነካ የሚቀበለው ምት ሜዳ ላይ ከሚቀበለው በ54 በመቶ እንደሚበልጥ፣ ወደ ኋላ የሚይዘው የፍሬን ኃይል ደግሞ በ73 በመቶ እንደሚጨምር ለክቷል። 9 ዲግሪ በጣም የቆመ ቁልቁለት ነው፤ የማራቶን ጎዳና በአማካይ እንዲህ አይወርድም። ነገር ግን ማራቶን የሚሮጥ ሰው ከ35 ሺህ ያላነሰ እርምጃ ስለሚረግጥ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የሚጨመረው ጥቂት ምት ተጠራቅሞ ብዙ ይሆናል።

መሰንጠቁ ሯጩን ወዲያው አያስጮኸውም። ሕመሙ በሙሉ ኃይሉ የሚወጣው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በውድድሩ መሐል የሚታየው ሌላ ነገር ነው፤ ጭን ኃይሉን ያጣል፤ ጉልበት ሲታጠፍ የሚይዘው ያጣና መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ሯጩ ትንፋሹ ሙሉ ሆኖ ሳለ እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ሜዳ ላይ «ግድግዳ መታኝ» የሚባለው ድካም በአብዛኛው ከስንቅ ማለቅ የሚመጣ ስለሆነ፣ ስኳር ያለበት መጠጥ ጥቂት ያግዘዋል። የተሰነጠቀን ጡንቻ ግን በዚያ ቀን የሚጠግነው መጠጥ የለም።

የመጀመሪያዎቹ 10 ኪሎ ሜትሮች ለምን ያታልላሉ?

አንድ ሯጭ ሜዳ ላይ ማራቶንን በ3 ሰዓት ተኩል የመጨረስ አቅም አለው እንበል። ይህ በኪሎ ሜትር 4 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ነው። የውድድሩ የመጀመሪያ 10 ኪሎ ሜትሮች 3 በመቶ የሚወርዱ ከሆነ፣ በተመሳሳይ ድካም 15 ሰከንድ ፈጥኖ 4 ደቂቃ ከ44 ሰከንድ ቢሮጥ ልክ ነው። ነገር ግን ንጋት ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከበሮው ተመትቷል፤ እግሩም ሳምንቱን ሙሉ አርፏል። 4 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይሮጣል፤ ትንፋሹም «ምንም አልሆንክም» ይለዋል። የልብ ምት የሚቆጥረው የእጅ ሰዓቱም ይህንኑ ይመሰክርለታል፤ ምክንያቱም የእጅ ሰዓቱ የሚቆጥረው ልብን ነው እንጂ ጭን ላይ የሚደርሰውን የሚያይበት ዓይን የለውም።

በእነዚህ 10 ኪሎ ሜትሮች 4 ደቂቃ ከዕቅዱ ቀድሟል። በመጨረሻዎቹ 10 ኪሎ ሜትሮች እየተራመደ እየሮጠ በ6 ደቂቃ ተኩል ሲጓዝ ግን 15 ደቂቃ ይመልሳል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ የሚለው ተረት ለዚህ ሯጭ የተነገረ ይመስላል።

ስለዚህ የቁልቁለት ማራቶን ዋናው ትእዛዝ አንድ ነው፦ በመጀመሪያው ሲሶ ፍጥነትን የሚወስነው ትንፋሽ ሳይሆን የእግር አረጋገጥ ይሁን። እግር መሬቱን ሲመታ ድምፁ ጎላ ብሎ ከተሰማ፣ ወይም ሯጩ ራሱን ለመያዝ ወደ ኋላ ሲደገፍ ከተገኘ፣ ፍጥነቱ ከአቅም በላይ ነው፤ ሰዓቱ ምንም ያህል ቢያምር መቀነስ አለበት። የድምፁ ምልክት ከሁሉም መሣሪያ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ዋጋ አይጠይቅም፤ ባትሪም አያልቅበትም።

ታላላቆቹስ ይህ ይደርስባቸዋል?

ይደርስባቸዋል። አትሌት ሲሳይ ለማ በ2024 ቦስተን ላይ ያደረገውን ላስታውስ። ከመነሻው ጀምሮ ብቻውን ገንጥሎ ወጣና የጎዳናውን ግማሽ በ60 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ አለፈ። ጠቅላላው 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሆነ። ሁለተኛው ግማሽ 65 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ ፈጅቶበታል ማለት ነው፤ በኪሎ ሜትር ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ገደማ ወደ 3 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ገደማ ወርዷል። በመጀመሪያው ግማሽ ያከማቸው ርቀት ሰፊ ስለነበር አሸነፈ፤ ሌላው ኢትዮጵያዊ አትሌት መሐመድ ኢሳ በ41 ሰከንድ ተከትሎት ገባ። ድሉ ድል ነው፤ የተገኘውም በድፍረት ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱን ግማሾች ልዩነት ያየ ሰው ያ ጎዳና በዓለም ምርጥ እግር ላይ እንኳ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ይረዳል። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ኤሊውድ ኪፕቾጌ በዚያው ጎዳና ከፊት ሆኖ ከመራ በኋላ በዳገቶቹ ላይ ተነጥሎ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ 6ኛ ወጥቷል።

ሰዎች በቦስተን የሚፈሩት «የልብ ሰባሪ» የሚል ስም የወጣለትን ዳገት ነው። ከፍታው 27 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ የጎንደር ልጅ ከቀሃ ወንዝ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ቢያገኘው ዳገት ነው ብሎ አይቆጥረውም። ልብ የሚሰብረው ቦታው ነው፤ የሚመጣው ከ32ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ነው፤ በረጅሙ ቁልቁለት የተቀጠቀጠ ጭንም በዚያ ሰዓት ለመውጣት ይጠየቃል። አትሌት ፋጡማ ሮባ በ1997፣ በ1998 እና በ1999 በተከታታይ ሦስት ዓመት በዚያ ጎዳና አሸንፋለች፤ ያን ጎዳና ሦስት ጊዜ መርታት ምን እንደሚጠይቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አወራረድ ይማሩታል ወይ?

መምህራኑ አጠገባችን አሉ። ማለዳ ከጎንደር ከተማ በላይ ካሉት ተረተሮች የማገዶ እንጨት ተሸክመው ወደ ገበያ የሚወርዱ እናቶችን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው፣ አሠልጣኞች በብዙ ቃላት የሚያስተምሩትን በዓይኑ ያገኘዋል። እርምጃቸው አጭርና ፈጣን ነው። ጉልበታቸው ፈጽሞ አይገተርም፤ ሁልጊዜ ጥቂት እጥፍ ያለ ነው። እግራቸው የሚያርፈው ከፊታቸው ርቆ ሳይሆን ከሰውነታቸው ሥር ነው። ከጭነቱ የተነሣ ወደ ፊት ዘንበል ብለዋል፤ ወደ ኋላ ቢያጋድሉ ተረከዛቸው እንደሚያዳልጣቸው ያውቃሉ። ያ ሁሉ ሸክም እያለ እግራቸው ድምፅ የለውም።

ሯጭም የሚፈለግበት ይኸው ነው። እርምጃን ማሳጠርና ብዛቱን ጥቂት ከፍ ማድረግ፤ ከወገብ ሳይሆን ከቁርጭምጭሚት ጀምሮ በመጠኑ ወደ ፊት ማዘንበል፤ ክንድን ለሚዛን ያህል ዘርጋ ማድረግ፤ ዓይንን ከእግር ሥር አንሥቶ አሥር እርምጃ ያህል ፊት መጣል። ቁልቁል የሚወርድ ሰው ተፈጥሯዊ ዝንባሌው እግሩን አርቆ ዘርግቶ በተረከዙ መያዝ ነው፤ የሚጎዳውም ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ የተዘረጋ እርምጃ አንድ ፍሬን ነው።

ጎንደር ላይ የሚኖር ሯጭ እንዴት ይዘጋጃል?

ስለዚህ ጡንቻ አንድ የሚያስደስት እውነት አለ። ቁልቁለት አንድ ጊዜ ያሳመመው ጭን ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያንኑ ቁልቁለት ሲያገኝ የሚጎዳው በእጅጉ አንሶ ነው። ጡንቻው ሲጠገን ለመለጠጡ ይበልጥ እንዲመች ሆኖ ይጠገናል፤ ይህ ጥበቃም ለሳምንታት ይቆያል። ቁልቁለት በልምምድ የሚቀል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ብዙ ሯጮች ግን የዳገት ልምምድን እንደ ግዴታ ሲቆጥሩ ቁልቁለቱን ማረፊያ ያደርጉታል። እያንዳንዱ ዳገት ቁልቁለት ባለበት አገር ይህ መቅረቱ ያስቆጫል።

ልምምዱ ከውድድሩ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በፊት ቢጀመር መልካም ነው። ጅማሬው ገር በሆነ ቁልቁለት፣ ቢቻል በአፈር መንገድ፣ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ብቻ ይሁን፤ ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚያወርደው አቅጣጫ ገር ቁልቁለት ላይ ለመጀመር የሚመች ነው። ከዚያ በሳምንት ወይም በዐሥር ቀን አንድ ጊዜ ርዝመቱ ይጨመራል፤ በመጨረሻም ሯጩ ከኮሶዬ አቅጣጫ በመኪና ወጥቶ ረጅም ሩጫውን ወደ ከተማ እየወረደ ሊያደርግ ይችላል። ይህን ሲያደርግ ግን ከፊቱ የሚመጣውን መኪና እያየ በግራ ጠርዝ ይሩጥ፤ አይሱዙና ባጃጅ በሚሽቀዳደሙበት አስፋልት ላይ ጀርባን ለመኪና መስጠት አደገኛ ነው። አስፋልት ለውኃ መውረጃ ወደ ጠርዝ ያዘቀዝቃል፤ ስለዚህ መኪና በሌለበት ሰዓት ጠርዙን እየለዋወጡ መሮጥ ጥሩ ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ረጅም መንገድ መሮጥ አንዱን ጉልበት ለይቶ ያሳምማልና።

የመጨረሻው ከባድ የቁልቁለት ሩጫ ከውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ማለቅ አለበት። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ቁልቁለት ጡንቻውን ሰንጥቆ ለመጠገን ጊዜ አይሰጠውም።

የኛ ከተማ ሌላም ጥቅም አላት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2100 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ስላለች፣ ሳንባና ደም ቀጭን አየር የለመዱ ናቸው። ይህ ግን ያዘጋጀው ትንፋሽን ነው። በሌላ አገር ወደ ቆላ በሚወርድ ማራቶን ላይ የሚሰለፍ የደጋ ልጅ ትንፋሹ ከሌሎቹ ይበልጥ ስለሚቀለው፣ የመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ማታለያ በእሱ ላይ የከፋ ነው። ሳንባው ከጭኑ እንደሚበረታ አውቆ መነሣት አለበት።

በውድድሩ ዕለት ምን ይደረግ?

የእግር ጥፍር ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ይቆረጥ። ቁልቁለት ላይ እግር በጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ጣቶች ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጩ ይቆዩና ጥፍር ይጠቁራል። ስለዚህ ጫማው ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ያለው፣ ማሰሪያው ደግሞ በቁርጭምጭሚት በኩል ጠበቅ ብሎ ተረከዝን የሚይዝ ይሁን። አዲስ ጫማ ለዚያ ቀን አይሆንም።

ከደጋ ወደ ቆላ በሚወርድ ጎዳና ላይ የአየሩም ጠባይ አብሮ ይወርዳል፤ በአማካይ በ1000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይጨምራል። 700 ሜትር የሚወርድ ሯጭ ከቁልቁለቱ ብቻ ከ4 ዲግሪ በላይ የሞቀ አየር ያገኛል፤ በዚያ ላይ ንጋት 12 ሰዓት ላይ የነበረው ብርድ 3 ሰዓት ሲሆን ፀሐይ ሆኗል። መነሻው ላይ ጋቢ ወይም አሮጌ ሹራብ ደርቦ ቆይቶ ሊጀመር ሲል መጣል፣ ለመሮጥ ግን ለመድረሻው ሙቀት የሚሆን ቀለል ያለ ልብስ መልበስ ይበጃል። ማሟሟቅ እዚህ ከሜዳው ማራቶን የበለጠ ያስፈልጋል፤ ቀዝቃዛ ጭን የመጀመሪያውን ቁልቁለት በደረቁ መቀበል የለበትም።

ምግቡ እንደ ማንኛውም ማራቶን ነው። ዋዜማውን ያልተለመደ ነገር አለመብላት፣ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ዳቦ በማርና ሻይ ለብዙዎች ይስማማል። በሩጫው ላይ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ስኳር ሰጪ ምግብ መውሰድ የተለመደ ምክር ነው። ጄል (ለሯጮች የሚዘጋጅ ወፈር ያለ ጣፋጭ) የማያገኝ ሰው በልምምድ ላይ ሞክሮት ከተስማማው ብርዝ ይሆነዋል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 17 ግራም ያህል ስኳር ይዟል። ቁልቁለት ሆድን ስለሚንጥ በአንድ ጊዜ ብዙ መጎንጨት አይበጅም፤ መንገዱ ሜዳ በሆነበት ወይም በሚወጣበት ቦታ ጥቂት ጥቂት መውሰድ ይሻላል።

አብዛኛው የቁልቁለት ማራቶን በመካከሉ ዳገት አለው፤ ቀድሞ የጠቀስኩት ሴንት ጆርጅ 11ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ረጅም ዳገት ይጀምራል። እንዲህ ባለው ቦታ ሰዓትን ለማዳን መታገል ስሕተት ነው። ፍጥነቱ ይውረድ፤ ድካሙ ግን ባለበት ይቆይ። ከዳገቱ አናት ላይ ወዲያው መስፈንጠርም የተለመደ ጥፋት ነው፤ ሁለት መቶ ሜትር ያህል እርምጃን አሳጥሮ እግርን ለቁልቁለቱ ማስተካከል ይቀድማል።

የጎዳናውን ካርታ ያጠና ሯጭ ውድድሩን በኪሎ ሜትር ብዛት አይከፍለውም፤ በመሬቱ አቀማመጥ ይከፍለዋል። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር መንገዱ ምን ያህል እንደሚወርድ አይቶ፣ በ1 በመቶ 5 ሰከንድ እየቀነሰ የራሱን ሰዓት በወረቀት ቢጽፍና በእጁ ላይ ቢያስር፣ ሰው ሁሉ ጥሎት ሲያልፍ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ከ30ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ጭኑ የማይንቀጠቀጥ ከሆነ ያን ጊዜ ወረቀቱን ሊተወው ይችላል፤ የተቆጠበው ፍሬን ጥቅም ላይ የሚውለው ያን ጊዜ ነው።

ከመስመሩ በኋላስ?

ከውድድሩ ማግስት ይልቅ በሁለተኛው ቀን ሕመሙ ቢብስ አያስደንግጥ፤ የዚህ ጉዳት ጠባዩ ነው። ዝግ ያለ እርምጃ፣ በቂ ምግብና እንቅልፍ ይጠግኑታል፤ ጭንን በኃይል ማሸት ግን አይጠቅምም። ደረጃ መውረድ ያለ ሕመም እስኪቻል ድረስ ፈጣን ሩጫ አይጀመር። ሕመምን ለማስታገስ ብሎ ውኃ ጠምቶት ሳለ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ክኒኖች የሚውጥ ሯጭ ኩላሊቱን ለአደጋ ያጋልጣል። ጭኑ ከመጠን በላይ ያበጠበት፣ ሽንቱም እንደ ቡና የጠቆረ ሰው፣ የተሰባበረው ጡንቻ ኩላሊቱን እየዘጋው ሊሆን ስለሚችል ነገ ይሻለኛል ሳይል በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ አለበት።